የጫካ ትንፋሽ ሰማያዊ ጭጋግ የሚሆነው እንዴት ነው?

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሰው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይደርሳል። ከተራራው አናት ቆሞ ወደ ሩቅ ሲያይ፣ ቅርብ ያለው ተራራ አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር ተመሳስሎ ዳርቻው ይጠፋል። ሰማያዊነቱ የሰንሰለቱ ስም ላይ ሳይቀር ገብቷል፤ ብሉ ሪጅ ይባላል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ለማየት ወደዚያ ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከጀርባቸው ያለው ሰማያዊ ጭጋግ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

አጭሩ መልስ ከዛፎቹ ነው የሚል ነው። ዛፎቹ የሚለቁት ጋዝ አየር ላይ ተለውጦ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል፤ ብናኙ የፀሐይን ብርሃን ይበትናል፤ ሲበትን ደግሞ ከሌላው ቀለም ይልቅ ሰማያዊውን አብዝቶ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ሁለት ወሬዎች ሲዘዋወሩ ይሰማል። አንዱ «ዛፍም አየር ይበክላል» ይላል። ሌላው «ከዛፍ የመጣ ሁሉ ንጹሕ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚስቱት ነጥብ አንድ ነው፦ ብናኙ ብርሃኑን ምን እንደሚያደርገው በዋናነት የሚወስነው ምንጩ ሳይሆን ምን ያህል እንደወፈረና አየር ላይ ከምን ጋር እንደተገናኘ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛፍ የሚለቀው ምንድን ነው?

የባሕር ዛፍ ቅጠል በእጁ ጨምቆ ያሸተተ ሰው መልሱን በከፊል ያውቀዋል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ቅጠሉ ውስጥ ከነበረው ዘይት ተንኖ የወጣ ጋዝ ነው። የጥድ ሙጫም፣ የብርቱካን ልጣጭም፣ የጠጅ ሣርም ሽታቸው በአብዛኛው ከአንድ የኬሚካል ቤተሰብ ነው፤ ተርፒን ይባላል።

ከተርፒኖቹ በላይ በብዛት የሚወጣው ግን ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቀው አይሶፕሪን ነው። አምስት ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን ብቻ የያዘች ትንሽ ሞለኪውል ናት። የዓለም ዕፅዋት በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ቶን ያህል አይሶፕሪን ይለቃሉ። ይህ ከእርሻ፣ ከረግረግ፣ ከነዳጅ ጉድጓድና ከቆሻሻ ክምር ሁሉ በዓመት ወደ አየር ከሚገባው ሚቴን ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ኦክ የተባለው ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍና ባሕር ዛፍ ከፍተኛ ለቃቂዎች ናቸው፤ ስንዴና በቆሎን የመሰሉ ሰብሎች ግን እዚህ ግባ የሚባል ነገር የላቸውም። የቨርጂኒያና የቴነሲ ተራሮች በኦክ የተሞሉ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ዛፍ በፎቶሲንተሲስ ለፍቶ ያስገባውን ካርቦን ለምን መልሶ ይበትነዋል? አይሶፕሪን ቅጠሉ ድንገተኛ ሙቀትን እንዲቋቋም ይረዳዋል። ተርፒኖቹ ደግሞ ቅጠል የሚበሉ ነፍሳትን ያርቃሉ፣ ቁስል ላይ ከሚፈስሰው ሙጫ ጋር ሆነው ይከላከላሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የትሉን ጠላት ጠርተው ያመጣሉ። ዋጋ አለው፤ አይሶፕሪን የሚለቁ ዛፎች ካስገቡት ካርቦን 2 በመቶ የሚሆነውን በዚህ መንገድ ያጣሉ።

እዚህ ላይ ለኋላው የሚጠቅመን አንድ ልዩነት አለ። አይሶፕሪን ቅጠሉ ውስጥ አይከማችም፤ ብርሃን ሲኖር ተሠርቶ ወዲያው ይወጣል፣ ሲመሽ ይቆማል። የጥድ ዓይነት ዛፎች ተርፒን ግን ሙጫ ውስጥ ተጠራቅሞ ስለሚቀመጥ ሌሊትም ይተናል፤ የሚያዘው ሙቀት ነው። አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በተጨመረ ቁጥር ልቀቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ጋዙ ብናኝ የሚሆነው እንዴት ነው?

ከቅጠሉ የወጣው ጋዝ ለዓይን አይታይም። ዋናው ለውጥ የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። አየር ውስጥ ጥቂት ኦዞን ምንጊዜም አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታው ይሰበራል፤ ስባሪው ከውሃ ተን ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል የሚባል፣ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን የያዘ ነገር ይፈጠራል። ሃይድሮክሲል ያገኘውን የሚነክስ ነው፤ ራሱም አንድ ሰከንድ አይሞላውም፣ ከሌላ ነገር ጋር ተዋህዶ ይጠፋል። በጠራ ቀን አይሶፕሪን ከእሱ ተርፎ የሚቆየው አንድ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

ንክሻው በተደጋገመ ቁጥር ሞለኪውሉ ላይ ኦክስጅን ይለጠፍበታል። ኦክስጅን የተሸከመ ሞለኪውል ይከብዳል፤ ከመሰሎቹ ጋር ይጣበቃል፤ የመትነን አቅሙ ይዳከማል። በመጨረሻ ጋዝ ሆኖ መቆየት ያቅተውና ያገኘው ነገር ላይ ያርፋል፦ አቧራ ላይ፣ የባሕር ጨው ላይ፣ ቀድሞ የተፈጠረ ብናኝ ላይ። ማረፊያ ካጣ ደግሞ ከቢጤዎቹ ጋር ተሰባስቦ አዲስ ብናኝ ይወልዳል። ሳይንቲስቶች ኤሮሶል የሚሉት አየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቆይ ደቃቅ ጠጣር ወይም ፈሳሽ ብናኝን ሁሉ ነው፤ እኛ የያዝነው ከዕፅዋት ጋዝ እዚያው አየር ላይ የተወለደውን ዓይነት ነው። አለርጂ የሚያስነሳው የአበባ ብናኝ ከዚህ ጋር እንዳይምታታ፤ እሱ ከአበባው እንዳለ የሚወጣ ሲሆን በውፍረትም በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ውልደት በዝርዝር ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ ሂዩቲያላ የሚባል የፊንላንድ የጥድ ጫካ ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማርኩ ኩልማላ መሪነት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ ያለማቋረጥ ይለካሉ። በፀደይ፣ ጠራ ያለ ቀን ሲሆን፣ ጠዋት ላይ አንድና ሁለት ናኖሜትር የሚሆኑ ብናኞች በብዛት ብቅ ይላሉ። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ በሰዓት ጥቂት ናኖሜትር እየጨመሩ ሲያድጉ ይውላሉ፤ 100 ናኖሜትር ለመድረስ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70,000 ናኖሜትር ገደማ ነው።

ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለው ብናኝ ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ሊወለድ አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር። ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ጭስ የሚመጣ ነው። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን ቤተ ሙከራ ውስጥ ክላውድ የተባለው የምርምር ቡድን በአንድ ትልቅ የብረት ታንክ ውስጥ የጠራ አየርና ከጥድ የሚገኘውን ተርፒን ብቻ አድርጎ ሞከረው። በ2016 ያወጣው ውጤት ግልጽ ነበር፤ አሲዱ ሳይኖርም ብናኙ ተወለደ። የዛፍ ጋዝ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። ይህ ውጤት ለምን ከባድ ሚዛን እንዳለው ስለ አየር ንብረት ስናወራ ይታያል።

ሰማያዊነቱስ ከየት መጣ?

ቡና ሲፈላ እጣን ተጨሶ በመስኮት ፀሐይ ስትገባ ጭሱን ተመልከቱት። ከፍሙ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቀጭን ጭስ፣ ከኋላው ጥቁር ነገር ካለ፣ ሰማያዊ ይመስላል። ያንኑ ጭስ በእናንተና በመስኮቱ መካከል አድርጋችሁ ብታዩት ቢጫማ ወይም ቡናማ ይሆናል። ጭሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቆማችሁበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ያያችሁት ከጭሱ ተበትኖ ወደ ዓይናችሁ የመጣውን ብርሃን ነው፤ ቀጥሎ ያያችሁት ሰማያዊው ተወስዶበት ጭሱን አልፎ የመጣውን ነው። ተራራው ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጥቁሩ መደብ ጫካ የለበሰው ሩቅ ተራራ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ያው ጭጋግ አድማሱን ብርቱካናማ ያደርገዋል።

የዚህ ምክንያት መጠን ነው። ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፤ አጭሩ ጫፍ ሐምራዊና ሰማያዊ፣ ረጅሙ ጫፍ ቀይ። ብናኙ ከሞገዱ በጣም ሲያንስ አጭሩን ሞገድ እጅግ አብልጦ ይበትናል፤ ሞገዱ በግማሽ ቢያጥር የሚበተነው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት 450 ናኖሜትር ላይ ያለው ሰማያዊ 700 ላይ ካለው ቀይ ስድስት እጥፍ ያህል ይበተናል። ስሌቱን በ1871 ያወጣው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ቲንዳል ለንደን ውስጥ ያደረገው ሙከራ ነው። ቲንዳል በመስተዋት ቱቦ ውስጥ የአንዳንድ ኬሚካሎችን ተን አስገብቶ ኃይለኛ ብርሃን ለቀቀበት። ተኑ በብርሃኑ እየፈረሰ ደቃቅ ብናኝ ሆነ፤ ቱቦው ውስጥ መጀመሪያ ጥርት ያለ ሰማያዊ ደመና ታየ፤ ብናኙ እየወፈረ ሲሄድ ሰማያዊው እየፈዘዘ ወደ ነጭ ተለወጠ። ብርሃን ራሱ ብናኙን ፈጠረው፤ ያው ብርሃን በፈጠረው ብናኝ ተበተነ። ጫካ ላይ በየቀኑ የሚካሄደውን ነገር ቲንዳል ሳያስበው ቱቦ ውስጥ አሳይቶናል።

የተራሮቹን ሰማያዊ ጭጋግ ከዛፍ ተርፒን ጋር በግልጽ ያገናኘው ግን የኔዘርላንድስ ተወላጁ የዕፅዋት ሳይንቲስት ፍሪትስ ቬንት ነው፤ ዓመቱ 1960። ሲድኒ አጠገብ ያሉት የአውስትራሊያ ብሉ ማውንቴንስ ሰማያዊነታቸው የሚነገርለትም በዚሁ ነው፤ እዚያ ያለው ጫካ ባሕር ዛፍ ነው።

ይሁንና ሰማያዊ የሚመስል ተራራ ሁሉ የዛፍ ሥራ አይደለም። የአየር ሞለኪውሎች ራሳቸው ሰማያዊውን አብልጠው ይበትናሉ፤ ሰማይ ሰማያዊ የሆነው በዚህ ነው። በእናንተና በተራራው መካከል ብዙ ኪሎ ሜትር አየር ካለ፣ ምንም ዛፍ ባይኖር እንኳ ተራራው ሰማያዊ ይመስላል። ዛፍ እምብዛም የሌለበት የሰሜን ተራሮች ከፍታ ላይ ቆሞ የሩቁን ሸንተረር ሰማያዊ ሆኖ ያየ ሰው በአመዛኙ ያየው የአየሩን ሥራ ነው። የዛፍ ብናኝ ይህን ያጎላዋል፤ ጫካው ሲጠቅጥቅና አየሩ ሲሞቅ ቅርብ ያለውን ተራራ ሳይቀር ሰማያዊ ያደርገዋል።

ታዲያ ጭጋጉ አንዳንዴ ለምን ነጭ ይሆናል?

ብናኙ ስለወፈረ ነው። ደቃቅ ብናኝ ሳለ ስፋቱ በእጥፍ ቢያድግ የሚበትነው ብርሃን 64 እጥፍ ይሆናል። ገና የተወለዱት ጥቂት ናኖሜትር ብናኞች እጅግ ብዙ ቢሆኑም የማይታዩት ለዚህ ነው። ብናኙ ከብርሃኑ ሞገድ ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ ማለትም ወደ 400 ወይም 500 ናኖሜትር ሲደርስ፣ ቀለም መምረጡን እየተወ ሁሉንም ይበትናል። ሁሉም ቀለም አንድ ላይ ሲበተን ነጭ ነው የሚታየው።

የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ተራሮች ይህን በዓይን አሳይተዋል። ግሬት ስሞኪ በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ፣ አየሩ በተፈጥሮው ቢተው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማየት በተቻለ ነበር። ሰማያዊው ጭጋግ ውበት ይጨምራል እንጂ ተራራ አይደብቅም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን አማካይ የእይታ ርቀት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ወርዶ ነበር፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የአሜሪካ ሙቀት ወቅት ደግሞ ይብስ ነበር። ጭጋጉም ግራጫማ ነጭ ሆኗል። ጎብኚው «ስሙም ጭሳማ ነው፣ ተፈጥሮው ነው» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ያደበዘዘው በዋናነት ሰልፌት ነበር። ከድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ አየር ላይ ወደ ሰልፌት ብናኝ ይለወጣል። ሰልፌት ውሃ ይወዳል፤ አየሩ ሲረጥብ ውሃ ጠጥቶ ስፋቱ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከዛፍ ብቻ የመጣው ብናኝ ውሃ የመጠጣት አቅሙ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ከኦክ የሚወጣው አይሶፕሪን ሲለወጥ ከሚፈጥራቸው ነገሮች አንዱ፣ እርጥብና አሲዳም የሆነ የሰልፌት ብናኝ ሲያገኝ ውስጡ ገብቶ ይቀራል። ያን ማረፊያ ባያገኝ አብዛኛው ጋዝ እንደሆነ ያልፍ ነበር። ስለዚህ የፋብሪካው ጭስ የራሱን ብናኝ ብቻ አልጨመረም፤ የዛፉም ጋዝ ብናኝ ሆኖ እንዲቀር አደረገ። አንድ ሰው ያን ብናኝ ሰብስቦ ካርቦኑን ቢመረምር «ከዛፍ የመጣ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ግን ፋብሪካው ባይኖር ብናኙ እዚያ አይገኝም ነበር።

አሜሪካ በ1990 የንጹሕ አየር ሕጓን ካጠበቀች ወዲህ የሰልፈር ጋዝ ልቀቷ ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። ሰልፌቱ ሲቀንስ ከዛፍ የሚመጣው ብናኝም አብሮ ቀነሰ። ማንም ኦክ አልቆረጠም። ተራሮቹ እንደገና ርቀው መታየት ጀመሩ፤ ጭጋጉም ወደ ሰማያዊነቱ አመዘነ።

ብርሃኑን የሚውጥ ብናኝስ አለ?

እስካሁን ያወራነው ብርሃን ስለ መበተን ነው። ሌላው ዕድል መዋጥ ነው፤ ብናኙ ብርሃኑን ወስዶ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የበተነ ብናኝ ከፊሉን ብርሃን ወደ ሕዋ ይመልሳል፤ የዋጠ ብናኝ ዙሪያውን ያሞቃል። ጥቀርሻ የዋጩ ዋና ምሳሌ ነው።

ከዕፅዋት ጋዝ የተወለደ ትኩስ ብናኝ በአመዛኙ በታኝ ነው፤ የሚታየውን ብርሃን አይውጥም ማለት ይቻላል። ሲያረጅና ሌላ ነገር ሲነካው ግን ይለወጣል። በቤተ ሙከራ የሚታይ ነገር ልንገራችሁ። ከብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣ ከሊሞኒን፣ የተሠራ ብናኝ ነጭ ማጣሪያ ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ጥቂት አሞኒያ ያለበት እርጥብ አየር ይነፍስበታል። አሞኒያ ከከብት እበትና ከማዳበሪያ የሚወጣው ያው የሚሰነፍጥ ጋዝ ነው። ማጣሪያው ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል። ቡናማ የሆነው ሰማያዊውንና አልትራቫዮሌቱን መዋጥ ስለጀመረ ነው።

ፀሐይ በበኩሏ ዝም ብላ አታይም። እንዲህ ያለውን ቡናማ ቀለም ብርሃን ራሱ ያነጣዋል፤ አንዳንዱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደበዝዛል። አልትራቫዮሌት ጨረር ብናኙ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች እየሰበረ ከፊላቸውን መልሶ ጋዝ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ብናኙ ላይ ፀሐይ አዋላጅም አፍራሽም ናት፤ ከዝናብ ያመለጠ ብናኝ አየር ላይ በሚቆይበት አንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ቀለሙም ስሪቱም ሲቀያየር ይከርማል። በአየር ንብረት ስሌት ውስጥ ይህን በትክክል ማስገባት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

ጫካው ከዚህ ምን ያገኛል?

ጭጋግ ብርሃን ይቀንሳልና ዛፉን ይጎዳዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ ብቻ አይደለም። በጠራ ሰማይ ቀጥታ የሚወርደው ብርሃን ላይኛውን ቅጠል ከሚችለው በላይ ይመታዋል፤ ከሥር ያለው ቅጠል ጥላ ውስጥ ነው። ብርሃኑ ሲበተን ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል፤ ጥላ ውስጥ የነበሩትም ቅጠሎች ይደርሳቸዋል። አጠቃላዩ ብርሃን ትንሽ ቢቀንስም የጫካው ሥራ ሊጨምር ይችላል።

ይህን በትልቁ ያሳየው ዛፍ ሳይሆን እሳተ ገሞራ ነው። በሰኔ 1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ የተረጨው ሰልፈር በዓለም ሰማይ ላይ ተዳረሰ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለው የሃርቫርድ ጫካ በ1992 ደመና በሌለበት እኩለ ቀን የጫካው ፎቶሲንተሲስ 23 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። የዛፍ ብናኝም በአነስተኛ መጠን ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። ጭጋጉ ሲበዛ ግን ጥቅሙ ያልቅና ብርሃን ማጣቱ ያመዝናል።

አማዞን ላይ የጠፋው ብናኝ

ከሁሉም አብዝቶ አይሶፕሪን የሚለቀው አማዞን ነው። እንግዲያው አማዞን በአዲስ ብናኝ መሞላት ነበረበት። ብራዚልና ጀርመን በጋራ ያቆሙት፣ ከማናውስ ከተማ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው 325 ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ግን ሌላ ነገር ነው የሚመዘግበው። በዝናቡ ወቅት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ የሚገኘው ብናኝ ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ እንደ ውቅያኖስ አየር የጠራ። ፊንላንድ ላይ በየፀደዩ የሚታየው የጠዋት ውልደት እዚያ መሬት ላይ የለም ማለት ይቻላል።

መልሱ ከላይ ነበር። በ2024 መጨረሻ የታተሙ ጥናቶች፣ በአውሮፕላን ከተደረገ ልኬትና ከሰርን ሙከራ ተነስተው እንዲህ አሳዩ። ሌሊት ነጎድጓዳማ ደመና አይሶፕሪኑን ከጫካው ስቦ ከ8 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣዋል። በጨለማ ስለሆነ ሃይድሮክሲል የለም፤ ጋዙ ሳይነካ ይደርሳል። መብረቅ ደግሞ እዚያው የናይትሮጅን ጋዝ ይፈጥራል። ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ብርሃን ሃይድሮክሲልን ያስነሳል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30ና 50 ዲግሪ በመሆኑ፣ ታች ላይ ጋዝ ሆኖ ይቀር የነበረው ሁሉ ተጣብቆ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ በነፋስ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ሊጓዝ ይችላል፤ ከፊሉም በዝናብ አየር ወደ ታች ይመለሳል።

ለምን አስፈላጊ ሆነ? ደመና እንዲሁ አይፈጠርም፤ እያንዳንዷ የደመና ጠብታ የምትጀምረው ከአንድ ብናኝ ነው። ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር የደረሰ ብናኝ ለዚህ ይበቃል። ያው የውሃ መጠን ለብዙ ብናኝ ሲከፋፈል ጠብታዎቹ ብዙና ትናንሽ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለ ደመና ይበልጥ ነጭ ነው፣ የበለጠ የፀሐይ ብርሃንም ወደ ሕዋ ይመልሳል። የዛፍ ብናኝ ብርሃንን በቀጥታ ከሚበትነው ሌላ በደመና በኩል የሚሠራው ሥራ አለው ማለት ነው።

ታዲያ ዛፎች ምድርን ያቀዘቅዙልናል?

በዚህ መንገድ ትንሽ ያቀዘቅዛሉ። አየሩ ሲሞቅ ዛፎች ብዙ ጋዝ ይለቃሉ፤ ብዙ ጋዝ ብዙ ብናኝ ይሆናል፤ ብናኙ ብርሃን ይመልሳል። በ2013 የወጣ የብዙ ጣቢያዎች ጥናት ይህን ገምቶ ነበር፦ በዓለም ደረጃ የሙቀቱን 1 በመቶ ያህል ቢመልስ ነው፤ በሰሜኑ ሰፊ ጫካ ላይ ግን በአካባቢ ደረጃ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ዛፉ ያድነናል ለሚል ሰው 1 በመቶዋ መልስ ናት።

የ2016ቱ የሰርን ውጤት የሚገባው እዚህ ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን ከ1750 እስከ 2019 ሰው የጨመረው ብናኝ በአንድ ካሬ ሜትር 1.1 ዋት ያህል እንዳቀዘቀዘ ይገምታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያው ጊዜ ያሞቀው 2.16 ዋት ነው። የብናኙ ግምት ግን ሰፊ ነው፤ ከ0.4 እስከ 1.7። ስፋቱን ከፈጠሩት ነገሮች አንዱ ከፋብሪካ በፊት ሰማዩ ምን ያህል ብናኝ ነበረው የሚለው ጥያቄ ነው። ዛፍ ብቻውን ብናኝ መውለድ ከቻለ የድሮው ሰማይ ከሚታሰበው በላይ ብናኝ ነበረው፤ ሰው የጨመረው ድርሻም ያንሳል ማለት ነው።

ዛፍ አየር ይበክላል የሚባለውስ?

ሮናልድ ሬገን በ1980 የምርጫ ዘመቻ ላይ ከመኪና ይልቅ ዕፅዋት አየሩን ይበክላሉ የሚል ነገር ተናግረው መሳቂያ ሆነው ነበር። ንግግር ሊያደርጉ በሄዱበት ኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ዛፍ ላይ «ደግሜ ሳልገድል ቁረጡኝ» የሚል ጽሑፍ ሰቅለው ጠበቋቸው። እውነቱ ግን ከቀልዱ ትንሽ ውስብስብ ነው። ዛፍ የሚለቀው የሃይድሮካርቦን ጋዝ በብዛት ከመኪናው ይበልጣል፤ ይህ ትክክል ነው። ጎጂ ኦዞን ለመፍጠር ግን ከመኪናና ከማመንጫ ጭስ የሚመጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ የግድ ያስፈልጋል። በ1988 አትላንታ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ በዛፍ በተከበበች ከተማ የመኪናን ሃይድሮካርቦን ብቻ መቀነስ ኦዞኑን ብዙም አይነካውም፤ ዛፎቹ ክፍተቱን ይሞሉታል። መቀነስ ያለበት ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የአየር ጥራት ፖሊሲ በዚሁ አቅጣጫ ሄዷል።

አዲስ አበባንም በዚሁ መነጽር ማየት ይቻላል። ከተማዋን የከበበው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ብሉ ማውንቴንስን ሰማያዊ የሚያደርጉት ዛፎች ዘመድ። እንጦጦ ላይ የሚወጣው ጋዝ ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ወደ ከተማው ሲወርድ የሚያገኘው ግን የናፍጣ ጭስ፣ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የመንገድ አቧራ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ከእንጦጦ ቁልቁል ሲታይ ከተማዋ ላይ የሚተኛው ቡናማ ንጣፍ የዛፎቹ ቀለም አይደለም። ቡናማው የጥቀርሻ፣ የማገዶ ጭስና የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ከሥር ሞቃቱ ከላይ ሆኖ ስለሚከድነው ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ድረስ አይነሳም።